‹ዘ ደርቲ ቡጊ›፦ ስለ ብራያን ሴትዘር ኦርኬስትራ አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን አልበም ለወዳጆቼ ባስደመጥኩ ቁጥር የሚነሡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። «የድሮ ዘፈን ነው ወይስ የቅርብ ጊዜ?» ከሚለው ይጀምሩና «አድናቂዎቹ እንዲህ የሚያብዱለት ለምንድን ነው?» ወደሚለው ይደርሳሉ። ለብዙ ዓመታት በቃል የመለስኳቸውን እዚህ በጽሑፍ አስፍሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ የማን ነው? መቼስ ወጣ?

የአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ብራያን ሴትዘር፣ እንዲሁም 17 ሙዚቀኞችን የያዘው ኦርኬስትራው ሥራ ነው። በጁን 1998 በኢንተርስኮፕ ኩባንያ ታተመ፤ ፕሮዲውሰሩ ፒተር ኮሊንስ ነበር። 13 ዘፈኖች አሉት። በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ እስከ 9ኛ ደረጃ ወጥቶ በአሜሪካ ድርብ ፕላቲነም፣ ማለትም የሁለት ሚሊዮን ቅጂ ማዕረግ አግኝቷል። በፌብሩዋሪ 1999 ደግሞ ከዚሁ አልበም የወጡ ሁለት ሥራዎች የግራሚ ሽልማት ወሰዱ።

ሴትዘር ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

በ1959 ተወልዶ ያደገው ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብላ በሎንግ አይላንድ በምትገኘው ማሳፒኳ ነው። በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ኢዩፎኒየም የተባለውን ወፍራም ድምፅ ያለው የናስ መሣሪያ ይነፋ ነበር። ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ብዙ ሰው ሴትዘርን ጊታር ብቻ ይዞ የተወለደ ያህል ያስበዋል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ግን ከልጅነቱ በጆሮው የነበረ ነው።

ከሊ ሮከርና ከስሊም ጂም ፋንተም ጋር ስትሬይ ካትስ የተባለውን የሦስት ሰዎች ቡድን አቋቋመ። አገራቸው ፊት ስትነሣቸው በ1980 ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ እዚያ ተወደዱ። ወደ አሜሪካ የተመለሱት በስም ነው፤ በ1982 የወጣው አልበማቸው በአገሩ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ላይ ለሳምንታት ተቀምጧል። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሴትዘር ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ ሦስት ሰው የነበረውን መድረክ በሳክስፎን፣ በትራምፔትና በትሮምቦን ነፊዎች ሞላው። በ1994 እና በ1996 የወጡት የኦርኬስትራው የመጀመሪያ ሁለት አልበሞች ብዙ ገዢ አላገኙም። ያን ሁሉ ሰው ደመወዝ ከፍሎ፣ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ሆቴል አሳድሮ ከከተማ ከተማ መዞር ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ለሚያስብ ሰው፣ ሦስተኛውን ለመሥራት መወሰኑ በራሱ የሚያስመሰግን ድፍረት ነው።

ስዊንግ ምንድን ነው? ሮካቢሊስ? ምን አገናኛቸው?

የአልበሙ ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ስዊንግ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን ያስጨፈረ የጃዝ ስልት ነው። ዱክ ኤሊንግተን፣ ካውንት ቤዚ፣ ቺክ ዌብ፣ ቤኒ ጉድማን የሚመሯቸው ትላልቅ ባንዶች የሚጫወቱት ነበር። ቅንብሩ በኖታ ይጻፋል። ሳክስፎኖቹ ያወጣሉ፣ ትራምፔቶቹና ትሮምቦኖቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ሆ ይላሉ። ምቱ ደግሞ እኩል ለሁለት የተከፈለ አይደለም፤ ረዘም፣ አጠር፣ ረዘም፣ አጠር እያለ ይወዛወዛል፤ ስሙም ከዚሁ መወዛወዝ የመጣ ነው።

ሮካቢሊ ከሜምፊስ ነው። በጁላይ 1954 ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ጊታር ተጫዋቹ ስኮቲ ሙርና የባስ ተጫዋቹ ቢል ብላክ በሳም ፊሊፕስ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የነጮቹን የገጠር ዘፈንና የጥቁሮቹን ብሉዝ አንድ ላይ አፈሉት። ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ድራም እንኳን አልነበረም። የባሱ ክር ተስቦ ሲለቀቅ እንጨቱን በጥፊ ይመታል፤ ያ የጥፊ ድምፅ የድራሙን ቦታ ይሸፍን ነበር።

እንግዲህ አንዱ በሰው ብዛትና በጽሑፍ ሥርዓት የቆመ፣ ሌላው በሦስት ጎረምሶችና በስቱዲዮ የገደል ማሚቶ ድምፅ የቆመ ነው። ምን ያገናኛቸዋል ቢሉ፣ መልሱ ዝምድናቸው የሥጋ መሆኑ ነው። ትላልቆቹ ባንዶች የወደቁት ሙዚቃቸው ስለተጠላ ብቻ አልነበረም። ጦርነቱ ተጫዋቾቹን ወሰደ፤ ከ1942 እስከ 1944 የሙዚቀኞች ማኅበር ሸክላ አንቀዳም ብሎ አድማ መታ፤ በ1944 ጭፈራ ባለባቸው የምሽት ቤቶች ላይ የ30 በመቶ ግብር ተጣለ። ለብዙ ሰው ደመወዝ መክፈል የማይቻል ሲሆን እንደ ሉዊስ ጆርዳን ያሉ ብልሆች ያንኑ የሚወዛወዝ ምት በአምስትና በስድስት ሰው ያዙት። ከዚያ ሮክ ኤንድ ሮል ተወለደ፤ ሮካቢሊም ከዚያው ቤት ነው። ሴትዘር የልጅ ልጁን ወስዶ ከአያቱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠው።

በዚህ ላይ የጊታሩ ጉዳይ አለ። በስዊንግ ባንዶች ውስጥ ጊታር ከኋላ የሚቀመጥ ትሑት አገልጋይ ነበር። ፍሬዲ ግሪን ከ1937 ጀምሮ በ1987 እስኪሞት ድረስ ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር ተጫውቷል፤ ብዙ አድማጭ ግን ጊታሩን ለይቶ ሰምቶት አያውቅም። ምቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሥራው ያ ነው። ሴትዘር ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ብርቱካናማውን የ1959 ግሬች ጊታሩን ከፊት አቁሞ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጎ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁሉ እንዲመልሱለት አደረገ። ከእሱ በፊት በዚህ መልክ ትልቅ ባንድ የመራ የሮክ ጊታር ተጫዋች እኔ አላውቅም።

አድናቂዎች ይህን ያህል የወደዱት ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ጉልበቱ ነው። በ1990ዎቹ የነበረው የአሜሪካ ሮክ አንገቱን ደፍቶ የሚያዝን ነበር፤ ግራንጅ የሚባለው ስልት ታላላቅ ሥራዎች ቢኖሩትም ማንንም ከወንበር አያስነሣም ነበር። ይህ አልበም ገና ሲከፈት ሰውን ያስነሣል። ድራሙ ይነጉዳል፣ ባሱ ይጠፈጠፋል፣ ናሶቹ ከሁለት ወገን እንደሚመጣ ሰልፍ ይገባሉ።

ሁለተኛው፣ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን በኮምፒውተር የተቀነባበረ ድምፅ ሬዲዮውን ሞልቶት ነበር። እዚህ ግን የሚሰማው ነፊ ሁሉ ሳንባውን የሚያስጨንቅ ሰው ነው። በመድረክ ያዩአቸው አድናቂዎች ደግመው ደጋግመው የሚያነሡት ይህንን ነው፤ ረድፍ ረድፉን የተቀመጡት ነፊዎች በአንድ ትንፋሽ ሲነሡ አየሩ ደረትን ይገፋል ይላሉ። ሙሉ የናስ ባንድ ፊት ለፊት ቆሞ ያዳመጠ ማንም ሰው ይህ ማጋነን እንዳልሆነ ያውቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ስትሬይ ካትስን በ1982 የወደደው ጎረምሳ በ1998 ልጆች የወለደ ሰው ነበር፤ አባቱ ደግሞ ቤኒ ጉድማንን ያውቃል። አንድ አልበም ለሦስት ትውልድ በአንድ መኪና ውስጥ ያለ ጠብ ሊከፈት ቻለ። በቡድኑ ዘመን የተወደደውን «ሮክ ዚስ ታውን» የተባለ ዘፈን ሴትዘር ለትልቅ ባንድ አድርጎ እንደገና ቀድቶታል፤ እኔ ይህኛውን ከመጀመሪያው አስበልጣለሁ። በዚህ የማይስማሙ ብዙ ናቸው፤ የሦስቱ ሰዎች ቅጂ ረሃብ አለበት ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የኔ ጆሮ ግን ወደ ጥጋቡ ያደላል።

ሐያሲያንስ ምን አሉ?

ያሞገሱት ሐያሲያን ያተኮሩት በሁለት ነገር ነው፤ በጊታር ችሎታውና በቅንብሩ ጥራት። ዝነኛ ሰው ለጌጥ ብቻ ነፊዎችን ከጀርባው ሲያሰልፍ ማየት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ናሶቹ ከጊታሩ ጋር ይከራከራሉ፤ ሲያሻቸው ያሸንፉታል።

ነቀፌታም ነበር፤ ግማሹ ትክክል ነው። የዘፈኖቹ ግጥም ቀጭን ነው፤ ጭፈራ፣ መኪና፣ ቆንጆ ሴት፣ እንደገና ጭፈራ። የሴትዘር ድምፅም ጥልቅ አይደለም። ስካይላይነርስ የተባሉት የፒትስበርግ ልጆች በ1950ዎቹ መጨረሻ ያዜሙትን «ሲንስ አይ ዶንት ሃቭ ዩ» የተባለ የመለየት ዘፈን ሲደግመው፣ ዋናው ቅጂ ላይ ያለው እንባ አልመጣለትም። ፈጣኑ ላይ ንጉሥ ነው፤ ዝግታው ላይ እንግዳ ነው።

የከበደው ነቀፌታ ሌላ ነው። ስዊንግን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1990ዎቹ ስዊንግ ሲያንሰራራ ግን በሬዲዮና በቴሌቪዥን የታዩት ቡድኖች አብዛኛዎቹ የነጮች ነበሩ። የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር የሆነችው የሃርለም ስም ሳይነሣ ባርኔጣውና ባለ ሰፊ ትከሻው ኮት ብቻ ተሸጠ። ይህን ቅሬታ የአልበሙ አድናቂ ሆኜም እቀበለዋለሁ። ዘፈኖቹን የወደደ ሰው ወደ ካውንት ቤዚ፣ ወደ ሉዊስ ጆርዳንና ወደ ቺክ ዌብ መሄድ አለበት፤ ዕዳው ያ ነው።

«ጃምፕ፣ ጃይቭ ኤንድ ዌይል» በልብስ ማስታወቂያ ላይ የተሰማው የሴትዘር ነው?

አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1998 ጋፕ የተባለው የልብስ ኩባንያ ሱሪ ለማስተዋወቅ ወጣቶች የሚጨፍሩበትን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። ዝላይ ላይ ያሉት ተወዛዋዦች አየር ላይ ደርቀው ቆመው ካሜራው ይዞራቸው ነበር። የተሰማው ድምፅ የዘፈኑ ባለቤት የሉዊስ ፕሪማ ነው። ፕሪማ በ1910 በኒው ኦርሊንስ ተወልዶ በ1978 ያረፈ፣ በ1950ዎቹ በላስ ቬጋስ መድረክ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያስጨፍር የኖረ ትራምፔት ነፊና ድምፃዊ ነበር። የሴትዘር ቅጂ ማስታወቂያው ገና ከሰው አእምሮ ሳይወጣ በአልበሙ መጣ። ዕድል አልረዳውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ዕድሉ ሲመጣ ባንዱ ለዓመታት ተለማምዶ ዝግጁ ሆኖ ነበር። ዘፈኑ በቡድን ለቀረበ የፖፕ ድምፃዊ ሥራ የሚሰጠውን ግራሚ አሸንፏል።

የትኛው ይበልጣል? የፕሪማ ድምፅ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል፤ ያንን የሚተካ የለም። የሴትዘር ቅጂ ደግሞ መሐል ላይ የሚፈነዳ ጊታር አለው። ሁለቱን ተከታትለው ያዳምጡ።

ቃል የሌለው ዘፈን እንዴት ግራሚ ወሰደ?

«ስሊፕ ዎክ» ይባላል። በ1959 የብሩክሊን ልጆች የሆኑት ሳንቶና ጆኒ የተባሉ ወንድማማቾች በስቲል ጊታር ተጫውተውት በአሜሪካ 1ኛ ሆኗል። ሴትዘር በተራ የኤሌክትሪክ ጊታር ወሰደው። በጊታሩ ላይ ያለውን የብረት እጀታ በቀስታ እየተጫነ ድምፁን እንደ ሰው ጉሮሮ ያስለቅሰዋል። በሌሎቹ ዘፈኖች ላይ ሲሮጥ የሰማነው ሰው እዚህ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። በድምፁ ያጣውን የዝግታ ውበት በጣቶቹ አገኘው፤ ሽልማቱም የመሣሪያ ብቻ ለሆነ የፖፕ ሥራ የሚሰጠው ነው።

አልበሙ ላይ ሌላ ታዋቂ ሰው አለ?

አዎ፤ ኖ ዳውት የተባለው የሮክ ቡድን ድምፃዊት ግዌን ስቴፋኒ። ኤልቪስና አን ማርግሬት በ1963 ቀድተውት የነበረውን የቅብብል ዘፈን ከሴትዘር ጋር ተቀባብላዋለች። ይሽኮረመማሉ፣ ይፎካከራሉ፤ ናሶቹ ከጀርባ ሆነው ያዳምቁላቸዋል።

ጊዜያዊ ፋሽን ብቻ አልነበረም ወይ?

በዙሪያው ፋሽን ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሮያል ክራውን ሪቪው፣ ቢግ ባድ ቩዱ ዳዲ፣ ቼሪ ፖፒን ዳዲስ የተባሉ ቡድኖች በዚያው ዓመታት ተነሥተው ነበር፤ አንዳንዶቹ በፊልም ታዩ። ከ2000 በኋላ ሬዲዮው ፊቱን አዞረ።

ጭፈራው ግን ቀረ፤ የዚህ ሙዚቃ እውነተኛ ዳኛም እሱ ነው። ሊንዲ ሆፕ የተባለው የስዊንግ ጭፈራ የተወለደው በሃርለም፣ ከ1926 እስከ 1958 ክፍት በነበረው የሳቮይ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወለል የሚጨፍሩበት ነበር። ከዚያ የወጣው ፍራንኪ ማኒንግ በ1935 ጓደኛውን በጀርባው ላይ አሻግሮ የሚገለብጥበትን ዝላይ በውድድር አሳይቶ አዳራሹን አናወጠው። ስዊንግ ሲደበዝዝ ግን ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ። በ1980ዎቹ ወጣት ተወዛዋዦች ፈልገው አገኙት፤ በ2009 እስኪያርፍ ድረስ ዓለምን እየዞረ አስተማረ። ለዚህ ነው «ፋሽን ነበር» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚያመኝ። ለፖስታ ሠራተኛው የሕይወቱ ነገር ነበረ፤ እሱ ያስተማራቸው ሰዎች ዛሬም ይጨፍራሉ።

ለኢትዮጵያዊ አድማጭ እንግዳ አይሆንበትም?

አልበሙ ከአገራችን ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም። ጆሯችን ግን ለዚህ ድምፅ የተዘጋጀ ነው። በ1924 ተፈሪ መኮንን አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ካስመጡ ጀምሮ የናስ ባንድ የከተማችን ድምፅ ሆኖ ኖሯል። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የነርሲስ ናልባንዲያን ቅንብሮች፣ ጥላሁን ገሠሠ ሲያዜም ከኋላው የሚመልሱለት ሳክስፎኖች፣ ይህ ሁሉ የትልቅ ባንድ አሠራር ነው። ኤልቪስንም ቢሆን በዓለማየሁ እሸቴ በኩል እናውቀዋለን፤ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለው በከንቱ አልነበረም። ዱክ ኤሊንግተን ራሱ በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል።

ሌላም አለ። ችክችካችን ምቱን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ስዊንግም ከሦስቱ ሁለቱን አያይዞ ረዘም አጠር ያደርገዋል። ሰርግ ላይ ያደገ ትከሻ ይህን አልበም ሲሰማ ሳይጠየቅ የሚነቃነቀው በዚህ ይመስለኛል። በቤቴ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እንግሊዝኛውን የማይሰሙ ትልልቅ ሰዎች ናሱ ሲገባ በእጃቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ።

ሴትዘር ከዚያ በኋላ ምን ሠራ?

በ2000 በወጣው ቀጣይ አልበም ላይ ያለው «ካራቫን» ሌላ ግራሚ አመጣለት። ከዚያ የገና አልበምና በየዓመቱ የሚደረግ የገና ሰሞን የመድረክ ጉዞ ተከተለ፤ ለብዙ የአሜሪካ ቤተሰቦች ይህ የበዓሉ ወግ ሆነ። በ2007 የቤትሆቨንንና የሞዛርትን ዜማዎች ለስዊንግ ባንድ አቀናብሮ አሳተመ። በ2019 ስትሬይ ካትስ አርባኛ ዓመታቸውን በአዲስ አልበም አከበሩ፤ በዚያው ዓመት የጆሮ ጩኸት ሕመም የገናውን ጉዞ አሰረዘበት። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ሕመም እጆቹን እንደያዘበትና ጊታር መጫወት እንደማይችል ራሱ ለአድናቂዎቹ ነገራቸው። ዜናውን ያነበብኩ ዕለት ያደረግኩት ነገር ቢኖር «ስሊፕ ዎክ»ን ሦስት ጊዜ መስማት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ላዳምጠው?

በስልክ ድምፅ ማጉያ አይጀምሩ፤ ባሱ ይጠፋል፤ የባሱ ጥፊ ካልተሰማ ደግሞ ሮካቢሊው የለም። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና ቴፕ ይፈልጉ። መጀመሪያ «ጃምፕ፣ ጃይቭ ኤንድ ዌይል»ን ያለ ምንም ሐሳብ ይስሙት። ሁለተኛ ጊዜ ጊታሩን ትተው ትሮምቦኖቹን ብቻ ይከተሉ፤ ወዴት እንደሚገቡ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ያስተውሉ። ከዚያ «ዲስ ኦልድ ሃውስ»ን ይክፈቱ። ሮዝሜሪ ክሉኒ በ1954 ያስወደደችው የአሮጌ ቤት ዘፈን ነው፤ ሴትዘር ጣራውን አስነሥቶታል። «ስሊፕ ዎክ»ን ለማታ ያቆዩት። የአልበሙን የመጨረሻ ዘፈን፣ የቦቢ ዳሪንን፣ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይስሙት፤ ስለ መዝፈን ደስታ የሚዘፍን ነው፤ ሰውዬው እየሣቀ እንደሚያዜመው ከድምፁ ይሰማል።